የጉሎ ዘይት ጉልበትና ልኩ

ሰሞኑን ስልኩን የሚከፍት ሰው ስለ ጉሎ ዘይት ሳይሰማ አይውልም። ማታ ማታ እምብርት ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ጣል ቢያደርጉበት የደከመ ዓይን ያያል ይባላል። በጨርቅ ተነክሮ ጎን ላይ ቢታሰር ጉበት ያጥባል፤ ሆድ ላይ ቢውል የማሕፀን ዕጢ ያሟሟል፤ ራስ ላይ ቢቀባ የሸሸ ፀጉር ይመልሳል፤ ጉልበት ላይ ቢታሽ ቁርጥማት ይነቅላል። ዘይቱን የሚያወድሱትና የሚሸጡት ሰዎች ሁለት ነገር በአንድ አፍ ይናገራሉ። አንደኛው፣ ዘይቱ ሐኪም ያቃተውን የሚፈታ ብርቱ መድኃኒት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ ማንንም አይጎዳም፤ ቢጠቅም ይጠቅማል፣ ባይጠቅም ምን ይከፋል የሚል ነው። እነዚህ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ሰውነት ውስጥ ገብቶ አንድን ሥራ በብርታት የሚሠራ ነገር ያን ሥራ ባልተፈለገበት ቦታና ጊዜም ይሠራዋል። የጉሎ ዘይት በእርግጥ ጉልበት አለው፤ ጉልበቱ ግን የት ላይ እንደሆነ በደንብ ተጠንቷል፣ ቦታውም ጠባብ ነው። ያን ቦታ ለይቶ ያወቀ ሰው ከዘይቱ የሚገባውን ጥቅም ያገኛል፣ በቀረው ወሬ ደግሞ አይታለልም።

ጉሎ ለእኛ ባዕድ ተክል አይደለም። በቆላውና በወይና ደጋው በየአጥሩ ሥር፣ በመንገድ ዳር፣ ሰው በለቀቀው የቤት ቦታ ላይ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዘረመል ጥናት ከኢትዮጵያና ከኬንያ የተሰበሰቡ የዱር ጉሎዎችን በሌላው ዓለም ከሚለማው ጋር አነጻጽሮ የተክሉ መነሻ ምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን አመልክቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው፣ ኤበርስ ፓፒረስ የሚባለው የግብፆች የሕክምና ጽሑፍ ስለ ጉሎ ያወሳል። ዛሬ የዓለምን ገበያ የያዘችው ሕንድ ናት፤ በተለይ የጉጅራት ክፍለ ሀገር ገበሬዎች። በእኛ አገር ጉሎ የቆየው በቤት ውስጥ ሥራ ነው፦ አዲስ የሸክላ ምጣድ ለማሟሸት፣ ቆዳ ለማልፋትና ለማለስለስ፣ ዘይቱን ደግሞ ለመብራት። ይህን አጠቃቀም ልብ ማለት ያስፈልጋል፣ ኋላ እንመለስበታለንና። እናቶቻችን ጉሎን ያዋሉት በአብዛኛው ከአፍ ውጭ ለሆነ ነገር ነበር።

ፍሬው ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ይህ ዘይት ከኑግ፣ ከሰሊጥና ከተልባ ዘይት የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ከያዘው ፋቲ አሲድ ውስጥ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ሪሲኖሌይክ አሲድ የሚባል ዓይነት ነው። ይህ አሲድ 18 ካርቦን ያለው ሰንሰለት ሲሆን፣ 12ኛው ካርቦን ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተጣምረው ተለጥፈውበታል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም የዘይቱ ጠባይ ሁሉ ከዚያ ይመጣል። ዘይቱ እንደ ማር የወፈረው፣ የነካው ነገር ላይ ተጣብቆ የሚቀረው፣ ከሌሎች የምግብ ዘይቶች በተለየ ከአልኮል ጋር የሚዋሃደው በዚህ ምክንያት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ሞተር የሚቀባው በዚሁ ዘይት ነበር፤ ሪልሳን የሚባለው ጠንካራ ናይለን እስከ ዛሬ የሚሠራውም ከዚሁ ነው። ለጤና ጉዳይም ቢሆን ቁልፉ ያው ሪሲኖሌይክ አሲድ ነው።

ዘይቱ ሲጠጣ በጨጓራ ውስጥ ብዙም አይለወጥም። ትንሹ አንጀት ሲደርስ ስብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች ይሰባብሩትና ሪሲኖሌይክ አሲዱን ነጻ ያወጡታል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ለረጅም ዘመን በግምት ነበር የሚነገረው፤ አንጀትን ያስቆጣል ተብሎ ይታለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመን የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ነገሩን ፈቱት። አሲዱ ኢፒ3 ከተባለ ተቀባይ ጋር ይገጥማል። ይህ ተቀባይ በአንጀት ጡንቻና በማሕፀን ጡንቻ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያዘው በር ነው። አሲዱ በሩን ሲከፍተው ጡንቻው ይኮማተራል። ተመራማሪዎቹ ይህ ተቀባይ እንዳይኖራቸው ተደርገው ለተወለዱ አይጦች ዘይቱን ሲሰጧቸው አንጀታቸውም ማሕፀናቸውም ዝም አለ። ስለዚህ አሠራሩ በወሬ የቆመ ሳይሆን ተለይቶ የታወቀ ነው። ስለ ጉሎ ዘይት ከሚነገረው ሁሉ ይህን ያህል ጠንካራ ማስረጃ ያለው ይህ አንዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያውና እውነተኛው ጥቅሙ የሆድ ድርቀትን ማስለቀቅ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የጉሎ ዘይትን ያለ ሐኪም ማዘዣ ሊሸጥ የሚችል አስቀማጭ መድኃኒት አድርጎ ይቀበለዋል። ለአዋቂ የሚሰጠው ከ15 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሠራል፤ ለዚህም ነው ማታ ለመኝታ ሲቃረቡ የማይወሰደው። የሚያስቀምጠው በቁርጠት ነው፤ ማቅለሽለሽ አለበት፣ ብዙ ውኃና ፖታሲየም የተባለውን ጨው ይዞ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች ዛሬ ለሆድ ድርቀት የመጀመሪያ ምርጫቸው አያደርጉትም፤ እንደ ላክቱሎስና ቢሳኮዲል ያሉት ልካቸው የሚገመትና የሚቀልሉ ናቸውና። የሚያሸና መድኃኒት ወይም ዲጎክሲን የተባለ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ ሲወርድ የልብ ምቱ ሊዛባ ይችላል። ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ሕመም ያለበት ሰው ፈጽሞ መጠጣት የለበትም፤ ሕመሙ ትርፍ አንጀት ወይም የአንጀት መታጠፍ ቢሆን ዘይቱ የታመመውን አንጀት እያስጨነቀ ነገሩን ያብሰዋል። ገራም ነው ለሚሉት አንድ የታሪክ ምስክር እነሆ፦ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የኢጣሊያ ፋሽስቶች፣ እነዚያ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች፣ ተቃዋሚዎቻቸውን ይዘው የጉሎ ዘይት በግድ ያጠጧቸው ነበር። ሰውን ማዋረጃና ማሠቃያ ሆኖ ያገለገለው ይኸው በየጠርሙሱ የምናየው ዘይት ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነበር።

ሁለተኛው እውነተኛ ጉልበቱ ማሕፀን ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄው ይበረታል። የምጥ ቀን ሲያልፍ የጉሎ ዘይት ማጠጣት በብዙ አገሮች አዋላጆች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ኢፒ3 ማሕፀን ላይም ስላለ ልማዱ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። ይሠራል ወይ ለሚለው ግን መልሱ የተደበላለቀ ነው። ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን የሚመዝን ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ግምገማ በድምሩ 233 ሴቶች የተሳተፉባቸው ሦስት ሙከራዎችን ተመልክቶ የጎላ ጥቅም አላገኘም፤ አንድ ነገር ግን በግልጽ ታይቷል፣ ዘይቱን የጠጡት ሁሉም አቅለሽልሿቸዋል። በታይላንድና በበርማ ድንበር ባሉ የስደተኞች ክሊኒኮች የተደረገ ሌላ ምርመራም የጎላ ጥቅምም የጎላ ጉዳትም አላየም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 በእስራኤል የታተመ፣ ሴቶቹ በዕጣ የተመደቡበት አነስተኛ ሙከራ ከዚህ በፊት ለወለዱ ሴቶች ምጡን አፋጥኖላቸዋል ብሏል። ይህን የመጨረሻውን ይዞ «እንግዲያው ይሠራል» የሚል ሰው ሊከራከር ይችላል፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። የሚዘነጋው ግን በሙከራው የተሳተፉት ቀናቸው ያለፈ፣ ሐኪም የመረመራቸውና የፅንሱ ልብ ምት የሚታይላቸው ሴቶች መሆናቸው ነው። ከዚህ ቀደም በቀዶ ጥገና የወለደች ሴት፣ ማሕፀኗ ላይ ጠባሳ ያለባት፣ ቤቷ ተቀምጣ ብትጠጣው ልኩን ያለፈ መኮማተር ጠባሳውን ሊቀድደው ይችላል፤ ከጉሎ ዘይት በኋላ ማሕፀን እንደተቀደደ የሚገልጹ የሕክምና ዘገባዎች አሉ። ቀኑ ላልደረሰ እርግዝና ደግሞ የሚያከራክር ነገር የለውም፤ አይጠጣም።

አሁን ወደ ጨርቁና ወደ እምብርቱ እንሂድ። ዘይት የነከረ ጨርቅ ሆድ ላይ አስሮ ማሞቅን በአሜሪካ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1877 እስከ 1945 የኖረው ኤድጋር ኬሲ ነው። እሱ ሐኪም አልነበረም፤ በሰመመን ውስጥ ሆኖ ለሕመምተኞች ፈውስ እየነገረ ዝና ያተረፈ ሰው ነው። የእምብርቱ ወግ ደግሞ «ፔቾቲ» የሚባል ዕጢ እምብርት ሥር እንዳለና ከብዙ የደም ሥሮች ጋር እንደሚያገናኝ ይናገራል። የሰው ልጅ አካል ተከፍቶ ሲጠና እንዲህ ያለ ዕጢ አልተገኘም። በፅንስ ጊዜ በእምብርት የሚያልፉት የደም ሥሮች ከወሊድ በኋላ ተዘግተው ወደ ጅማትነት ይለወጣሉ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚወስድ መንገድ አይቀርም። ነገር ግን ከአካል ጥናትም ይልቅ ቅርብ የሆነ ማስረጃ አለ፤ እሱም ዘይቱ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ሪሲኖሌይክ አሲድ ወደ ሰውነት በቂ ሆኖ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አይተናል፦ አንጀት ያላውሳል፣ ማሕፀን ያኮማትራል። ሆድ ላይ የታሰረው ዘይት ቆዳ አልፎ ጉበት ለማጠብ ወይም ዕጢ ለማሟሟት የሚበቃ ያህል ቢገባ ኖሮ፣ ያሰረው ሰው ሁሉ ሌሊቱን መጸዳጃ ቤት ባደረ፣ ያሰረችው ነፍሰ ጡርም ምጥ በያዛት ነበር። ይህ አይሆንም። በቱርክ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት የሆድ ድርቀት ያለባቸው 35 አረጋውያን ላይ የጉሎ ዘይት ጨርቅ ሞክሮ፣ ሰዎቹ በሳምንት ወደ መጸዳጃ የሚወጡበት ጊዜ ብዛት እንዳልተለወጠ ዘግቧል። ማማጡ ቀለል እንዳለላቸው ግን ተናግረዋል። ሌላ ጨርቅ የታሰረለት ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረ ማቅለሉ ከዘይቱ ይሁን ከሙቀቱ፣ ወይስ ተኝቶ ከመታየቱ መለየት አይቻልም። የሞቀ ነገር ሆድ ላይ ማድረግ የወር አበባ ቁርጠትን እንደሚያስታግስ የታወቀ ነው፤ ለዚህ የሞቀ ውኃ በላስቲክ ይበቃል።

«እኔ ግን ሞክሬው ተሻለኝ» የሚለው ምስክርነት እዚህ ላይ ይነሳል፤ ሊናቅም አይገባም። ሰውየው አልዋሸም፤ ተሽሎታል። ጥያቄው በምን ተሻለው ነው። የሆድ መነፋት፣ የወገብ ሕመም፣ ድካም፣ የወር አበባ መዛባት ከፍ ዝቅ የሚሉ ነገሮች ናቸው፤ ሰው መድኃኒት የሚፈልገው በባሰበት ቀን ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቀን ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ሕክምናን በዕጣ በተከፈሉ ሁለት ቡድኖች መሞከር የተፈለገውም ይህን የተፈጥሮ መውጣትና መውረድ ከመድኃኒቱ ሥራ ለመለየት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቤቱ ውስጥ ሊለየው አይችልም፣ ሐኪም ቢሆን እንኳ።

ፀጉር የዘይቱ ትልቁ ገበያ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። ፀጉር የሚበቅለው ከራስ ቆዳ ሥር ካለው ሥሩ ነው፤ ከቆዳ በላይ የምናየው ክፍል ሕይወት የለውም። የጉሎ ዘይት የሚሠራው በዚህ በሚታየው ክፍል ላይ ነው። ወፍራም ስለሆነ ፀጉሩን ይሸፍነዋል፣ ያንጸባርቀዋል፣ እርጥበት እንዳይተን ያግዳል፣ ሲበጠር ፀጉር ከፀጉር መፋተጉን ይቀንሳል። የደረቀና ጥቅልል ፀጉር ያላት ሴት ፀጉሯ መሰባበሩን ሲቀንስ ርዝመቱ ይቀራል፤ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል የሚያድገው ሳይቆረጥ ይከማቻል። «አሳደገው» የሚባለው ይህ ነው፤ እንደ ፀጉር ማለስለሻ ከተቆጠረ ደግሞ እውነተኛ ጥቅም ነው። ከሥሩ አዲስ ፀጉር ያበቅላል ለሚለው ግን ማስረጃ አልቀረበም። እ.ኤ.አ. በ2022 የኮኮናት፣ የአርጋንና የጉሎ ዘይትን ጥናቶች ሰብስቦ የመዘነ ግምገማ ለጉሎ ያገኘው ደካማ ድጋፍ ለማንጸባረቁ እንጂ ለማብቀሉ አልነበረም። አንዳንዶች ሪሲኖሌይክ አሲድ ለፀጉር መርገፍ ምክንያት የሆነውን ፒጂዲ2 የተባለ ንጥረ ነገር ሊያግድ ይችላል የሚል ጥናት ይጠቅሳሉ። ይህ በኮምፒውተር የሞለኪውሎችን ቅርጽ አገጣጥሞ የተገመተ ነው፤ በሰው ራስ ላይ የተሞከረ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ተወዳጅ የሆነው የጃማይካ ጥቁር የጉሎ ዘይት ከተቆላ ፍሬ የሚወጣና አመድ ያለበት በመሆኑ ቀለሙና ሽታው ይለያል፤ ያበቅላል የሚለው ወሬ ግን በእሱም ላይ ማስረጃ የለውም።

የፀጉሩ ጉዳይ ጉዳት የለሽ የሚመስለው ዘይቱ ራሱ ብዙም ስለማይጎዳ ነው። አልፎ አልፎ ቆዳን ያስቆጣል፤ ከንፈር ቀለም ውስጥ ያለው የጉሎ ዘይት ከንፈር ያሳከካቸው ሰዎች አሉ። ፎረፎር ያለበትን ራስ ሊያብሰው ይችላል፣ ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ የሚመገበው ስብ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2017 ከሕንድ የቀረበ የሕክምና ዘገባ ደግሞ የኮኮናትና የጉሎ ዘይት ተቀብታ የታጠበች ወጣት ፀጉሯ በአንድ ጊዜ ተጠቅልሎ እንደ ደረቀ ኳስ ሆኖ፣ ከመቁረጥ በቀር መፍትሔ እንዳልተገኘለት ይገልጻል። እነዚህ ግን ጥቂት ናቸው። ዋናው ጉዳት የሚባክነው ጊዜ ነው። ግንባሯ ላይ ፀጉሯ የሸሸባት ሴት ምክንያቱ ጥብቅ ሹሩባ ከሆነ፣ ሹሩባው ቶሎ ከላላ ይመለስላታል፤ ሥሩ ጠባሳ ካበጀ በኋላ ግን ምንም አይመልሰውም። የብረት እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የሕፃናት የራስ ጭርት እያንዳንዳቸው የታወቀ ሕክምና አላቸው። ስድስት ወር ዘይት እየቀቡ መጠበቅ ያን ሕክምና ያዘገያል።

ዓይን ላይ ነገሩ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወገን ደግሞ ተስፋ የሚጣልበት ነው። እንባችን ውኃ ብቻ አይደለም፤ በላዩ እንዳይተን የሚሸፍነው ቀጭን የቅባት ንጣፍ አለ፣ የሚወጣውም ከዓይን ቆብ ጠርዝ ካሉ ትናንሽ ዕጢዎች ነው። እነዚህ ሲደፈኑ ዓይን ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል። የጉሎ ዘይት እዚያ ንጣፍ ላይ ተዘርግቶ ይቆያል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የተፈቀደው ሬስታሲስ የተባለ የዓይን ድርቀት ጠብታ ሳይክሎስፖሪን የተባለውን መድኃኒት የሚሸከመው በጉሎ ዘይት ነው። በኒውዚላንድ የተደረገ ሙከራ የዓይን ቆባቸው ጠርዝ የተቆጣባቸውን 26 ሰዎች ለ4 ሳምንት አንድ ዓይናቸው ቆብ ላይ ዘይት እንዲቀቡ፣ ሌላውን ባዶ እንዲተዉ አድርጎ በተቀባው ላይ መሻሻል አይቷል። 26 ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም የተሠራው በአግባቡ ስለሆነ ከብዙ የስልክ ቪዲዮ ይመዝናል። ከዚህ ተነስቶ የዓይን ሞራ ይገፍፋል፣ መነጽር ያስጥላል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የዓይን ሞራ ከዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ መደፍረስ ነው፤ ዘይት ከላይ ሆኖ አይደርስበትም፣ በቀዶ ጥገና ብቻ ይወገዳል። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም ከገበያ በተገዛ የጉሎ ዘይት ዓይንን ማከም እንዳይሞከር አስጠንቅቋል፤ ለፀጉር የታሸገ ዘይት ከጀርም የጸዳ አይደለምና።

ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚጠቀሰው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 በሕንድ የታተመ ነው። የጉልበት ቁርጥማት ያለባቸው 100 ሰዎች ግማሾቹ በቀን 3 ጊዜ 0.9 ሚሊ ሊትር የጉሎ ዘይት በእንክብል፣ ግማሾቹ ዲክሎፌናክ ለ4 ሳምንት ወሰዱ፤ ሁለቱም ወገን ተሻለው። ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን ምንም ያልያዘ እንክብል የዋጠ ሦስተኛ ቡድን አልነበረም። በዚያ ላይ የተዋጠ እንጂ የተቀባ አልነበረም፤ ሻጮቹ ይህን ጥናት ጠቅሰው ጉልበት ላይ የሚታሽ ዘይት መሸጣቸው ያስገርማል።

በዚህ ላይ የሚቀርበው ተቃውሞ ሁሌም አንድ ነው፦ የመድኃኒት ኩባንያዎች ርካሽ ነገር ስለሆነና ስለማያተርፉበት አያጠኑትም፣ ይደብቁታል ይባላል። ለሌሎች ተክሎች ይህ ሙግት ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ለጉሎ ግን አይሠራም። ኩባንያዎቹ ጉሎን በብዛት ይጠቀሙበታል። ከጥድ መሰል ዛፍ የተገኘው ፓክሊታክሰል የተባለ የካንሰር መድኃኒት በውኃ አይሟሟም፤ ለረጅም ጊዜ በደም ሥር የተሰጠው ከጉሎ ዘይት በተሠራ ማሟሚያ ውስጥ ተደርጎ ነው። ቴስቶስቴሮንን የመሰሉ ሆርሞኖችም በጉሎ ዘይት ተሟሟተው ጡንቻ ውስጥ ይወጋሉ፤ ዘይቱ ቀስ እያለ ስለሚለቃቸው መርፌው ለሳምንታት ይቆያል። ቸኮላት ፋብሪካዎች ሳይቀሩ ፈሳሹን ለማቅጠን ከጉሎ የተሠራ ንጥረ ነገር ይጨምራሉ፤ መለያው ኢ476 ነው። ጠባዩን በደንብ ያወቁት ለምን እንደሚጠቅም ስላጠኑ ነው፣ ጉዳቱን ያወቁትም በዚያው መንገድ ነው። የፓክሊታክሰል ማሟሚያ አንዳንድ ሕመምተኞችን በብርቱ ስለሚያስቆጣ፣ ከመርፌው በፊት የአለርጂ መከላከያ መድኃኒት መስጠት ግዴታ ሆኗል። ተፈጥሯዊ ነው ማለት ደም ሥር ውስጥ ዋስ አልሆነም።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል። እናቶቻችንና አያቶቻችን ለዘመናት የተጠቀሙበትን ዛሬ በጥናት ስም ማጣጣል ንቀት ነው ይባላል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የቀደሙት ምጣድ አሟሽተውበታል፣ ቆዳ አልፍተውበታል፣ ፀጉር አለስልሰውበታል፤ በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ዘይቱ የሚያደርገው መሸፈን፣ ማለስለስና እርጥበት መያዝ ነው፤ የዛሬው ኬሚስትሪም ያንኑ ይመሰክራል። የጠጡትም ሆድ ለማስቀመጥ ጠጥተውታል፤ ይህንንም የ2012ቱ ጥናት አረጋግጦላቸዋል። እምብርት ላይ አንጠባጥቦ ዓይን ማብራት ግን ከአያቶቻችን የመጣ አይደለም፤ ከስልክ የመጣ ነው። የድሮውን ልምድ ለአዲሱ ሽያጭ ዋስ አድርጎ ማቅረብ በአያቶቻችን ላይ ያላደረጉትን መለጠፍ ነው።

በመጨረሻ የሚፈራው ነገር አለ፤ እንደ ተስፋው ሁሉ ፍርሃቱም ቦታውን ስቷል። ጉሎ ሪሲን የተባለ መርዝ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1888 ሽቲልማርክ የተባለ ተመራማሪ ለይቶ አውጥቶታል። ከሕዋስ ውስጥ ገብቶ ፕሮቲን የሚሠራውን ክፍል የሚያቆም፣ በጥቂቱ የሚገድል መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ የቡልጋሪያው ጸሐፊ ጊዮርጊ ማርኮቭ ጭኑ ላይ ተወግቶ በቀናት ውስጥ የሞተው በዚሁ መርዝ እንደሆነ ይታመናል። ይህን የሰማ ሰው ዘይቱን ሊፈራ ይችላል፤ ነገር ግን ሪሲን በውኃ እንጂ በስብ የማይሟሟ ፕሮቲን ስለሆነ ከዘይቱ ጋር አይወጣም፣ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ሙቀትም ያበላሸዋል፤ በየቤቱ ፍሬውን ቆልቶና ወቅጦ በውኃ አፍልቶ ዘይቱን ከላይ የመቅፈፍ አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው። ስለዚህ በአግባቡ የወጣ ዘይት ሪሲን የለበትም፤ ያልፈላው ፋጉሎ ግን ለከብት አይሰጥም፣ ለማዳበሪያ ሲበተንም ውሾች እንዳይበሉት መጠበቅ ያስፈልጋል። ትልቁ አደጋ ያለው አጥር ሥር በሚወድቀው ዝንጉርጉር ፍሬ ላይ ነው። ውብ ስለሆነ ልጆች ይለቅሙታል፣ ለአንገት ሐብልም ይሰካል። ሳይታኘክ ሙሉውን የተዋጠ ፍሬ ጠንካራ ልባሱ ስለሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ሳይጎዳ ይወጣል፤ የታኘከው ነው መርዙን የሚለቀው። ምልክቶቹ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት፣ ሰዓታት አልፈው ሊመጡ ይችላሉ። ለመርዙ ማርከሻ የለውም፤ ሕክምናው የፈሰሰውን ፈሳሽ መተካትና ሰውነትን መደገፍ ነው፣ ያም በጊዜ ሲጀመር ይሻላል። ስለዚህ የጉሎ ፍሬ ያኘከ ልጅ ደህና ቢመስልም ቤት አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፣ ሐኪሙ እንዲያውቀው ከፍሬውም አንድ ሁለቱ አብሮ ይያዛል።